«የዘርፉ ድጋፍ አለኝ» ሲባል የተጠየቀው ማን ነው? የዶት ኤክስኤክስኤክስ ዶሜን የ11 ዓመት ክርክር

ጅማ መርካቶ አካባቢ የቡና መጋዘን ያላቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ ለድርጅታቸው ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ጠርተውኝ ነበር። እኔ በከተማችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ እየጠገንኩ፣ ለነጋዴዎችም ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከተደረደሩት ጆንያዎች አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠን በስልኬ ባዶ የአድራሻ ስም ስፈልግላቸው፣ በዶት ኮም ከሚያልቁት ስሞች ሥር በ«ዶት ኮፊ» የሚያልቁ ስሞች ተከታትለው ወጡ። ሃጂ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አተኩረው አዩትና «ይህን ደግሞ ማን ፈቀደው? ቡና የሚያመርተውን ሰው ጠይቀዋል?» አሉኝ። «አይ ሃጂ፣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ አመልክቶ፣ የማመልከቻውን ክፍያ ከፍሎ የወሰደው ነው» አልኳቸው። «እንዴት ያለ ነገር ነው ልጄ! በቡና ስም ሲነገድ የቡና ሰው አይጠየቅም?» ሲሉኝ የሰጠኋቸው አጭር መልስ እኔኑ ራሴን ስላላረካኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ይህን ጽፌያለሁ።

በአንድ ሙያ ወይም ንግድ ስም የሚጠራ አዲስ የኢንተርኔት ዶሜን ሲፈቀድ የዚያ ዘርፍ ሰዎች ድምፅ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ጥያቄ እጅግ ረጅምና መራራ በሆነ መንገድ የተፈተነው በቡና ወይም በሌላ የተከበረ ንግድ ሳይሆን፣ ለአዋቂዎች ብቻ የሚባለውን የወሲብ ይዘት በሚመለከተው በዶት ኤክስኤክስኤክስ ላይ ነው። ጉዳዩ በሽማግሌ ፊት የሚነሣ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በሀገራችንም እንዲህ ያለውን ምስልና ጽሑፍ ማሰራጨት በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ነገር ግን እዚህ የምናየው ይዘቱን ሳይሆን የአፈቃቀዱን ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ ለወሲብ ይዘት አምራች የሠራው ነገ ለቡና አምራችም የሚሠራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዶሜን ጥቂት ልበል። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣው ክፍል የላይኛው ደረጃ ዶሜን ይባላል። ዶት ኮም፣ ዶት ኦርግ፣ ለኢትዮጵያ የተሰጠውና ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው ዶት ኢቲ ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህ መጨረሻዎች የሚመዘገቡበት አንድ የዓለም መዝገብ አለ፤ የሥር መዝገብ እንበለው። በዚያ መዝገብ ያልሰፈረ መጨረሻ፣ አድራሻው ቢጻፍም የትም አያደርስም። በመዝገቡ ምን አዲስ ስም ይግባ የሚለውን የሚወስነው ከ1998 ጀምሮ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተቋቋመው፣ ለትርፍ የማይሠራው አይካን የተባለ ድርጅት ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይካን በ2000 አዳዲስ መጨረሻዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀበል አይሲኤም ሬጅስትሪ የተባለ ኩባንያ ዶት ኤክስኤክስኤክስን ጠይቆ አልተሳካለትም። በ2004 ደግሞ አይካን ለተወሰነ ማኅበረሰብ ብቻ የሚያገለግሉ መጨረሻዎችን የሚያስተናግድ ሌላ ዙር ከፈተ። እነዚህ መጨረሻዎች ከዶት ኮም የሚለዩት አንድ ማኅበረሰብ ዋስ ስለሚሆንላቸው ነው፤ ዶት ሚውዚየም ለሙዚየሞች፣ ዶት ኤሮ ለአየር ትራንስፖርት፣ ዶት ኮፕ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደተሰጡት ማለት ነው። የ2004ቱ ዙር መመዘኛ አመልካቹ የሚያገለግለው ማኅበረሰብ በግልጽ የተለየ መሆኑን፣ ከዚያ ማኅበረሰብም ሰፊ ድጋፍ ማግኘቱን እንዲያሳይ ይጠይቅ ነበር። ኋላ የመጣው ውዝግብ ሁሉ «ማኅበረሰብ» እና «ሰፊ ድጋፍ» በሚሉት በእነዚህ ሁለት ሐረጎች ዙሪያ የተሽከረከረ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበላቸው።

አይሲኤም በ2004 እንደገና ሲያመልክት ማኅበረሰቤ የሚለውን በጥበብ ቀረጸው። ማኅበረሰቡ የወሲብ ይዘት አምራቾች በሙሉ አይደሉም፤ ራሳቸውን በራሳቸው ለመቆጣጠር፣ ልጆችን ለመጠበቅና ይዘታቸውን በግልጽ ለመለየት የሚፈልጉት አምራቾች ናቸው አለ። በሌላ አነጋገር የማኅበረሰቡ አባል የሚሆነው የዶሜኑን ሐሳብ የተቀበለ ሰው ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በእድር ምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ተነሥቶ በሰፈራችን አዲስ እድር ላቋቁም ነው፤ የሰፈሩ ሰው ይደግፈኛል ቢልና የሰፈሩ ሰው ማለት ማን ነው ሲባል በእኔ እድር ለመግባት የፈቀደ ሁሉ ብሎ ቢመልስ፣ ድጋፉ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ይሆናል። አልገባም ያለው ጎረቤት ድምፁ ተቃውሞ ሆኖ አይቆጠርም፤ ከመጀመሪያውም የሰፈር ሰው አይደለምና። ይሁን እንጂ ያ ጎረቤት ቤቱ እዚያው ሰፈር ነው፤ አዲሱ እድር መንገዱን ቢዘጋ ወይም መዋጮ ቢጥል ጣጣው ለእርሱም ይተርፋል። በእኔ እምነት የአይሲኤም ማመልከቻ መሠረታዊ ጉድለት ይህ ነበር፤ ድጋፉን ከማሰባሰቡ በፊት ተቃዋሚውን ከቆጠራው አወጣው። ማመልከቻዎቹን የመዘነው ገለልተኛ ቡድንም የማኅበረሰብ መመዘኛውን አላሟላም ብሎ ነበር። ሆኖም የአይካን ቦርድ ጉዳዩን ራሱ ከመረመረ በኋላ በሰኔ 1 ቀን 2005 ከአይሲኤም ጋር የውል ድርድር እንዲጀመር ወሰነ።

ዘርፉ ራሱ ምን አለ? ቀላሉ መልስ «ተከፋፈለ» የሚል ነው። ስማቸውን ቀድመው ለመያዝ የፈለጉ፣ ደንበኛ የሚያምነው ምልክት ይሆነናል ያሉ አምራቾች ነበሩ። የአሜሪካ የወሲብ ይዘት ኢንዱስትሪ የንግድ ማኅበር የሆነው ፍሪ ስፒች ኮአሊሽን ግን አጥብቆ ተቃወመ፤ በ2011 አይካን የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠበት ስብሰባ በሳን ፍራንሲስኮ ሲካሄድም ተቃዋሚዎቹ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ምክንያታቸውን በጥሞና ማየት ተገቢ ይመስለኛል፤ ሰው ንግዱን ባይወድለትም ሥጋቱ ትክክል ሊሆን ይችላልና።

ዋናው ሥጋታቸው ፈቃደኝነቱ አይዘልቅም የሚል ነበር። ዛሬ የፈለገ ብቻ ይግባ የተባለበት ቦታ አንዴ ከተከለለ በኋላ፣ ነገ አንድ መንግሥት ሁላችሁም ወደዚያ ግቡ የሚል ሕግ ለማውጣት ምንም አያግደውም። ከዚያ በኋላ አጥሩን መዝጋት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ በአንድ መጨረሻ የሚያልቀውን አድራሻ ሁሉ ማገድ ለአንድ የኔትወርክ ባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ እንደሆነ እኔም ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ከዚህ ሌላ የገንዘብ ጉዳይ አለ። በዶት ኮም ስሙን ያቋቋመ ድርጅት፣ ያንኑ ስም ሌላ ሰው በዶት ኤክስኤክስኤክስ እንዳይወስድበት ሲል ብቻ እንዲገዛ ይገደዳል። አይሲኤም ለአንድ ስም በዓመት ወደ 60 ዶላር ሲጠይቅ፣ የዶት ኮም ስም ግን በ10 ዶላር አካባቢ ይገኝ ነበር። ከ60ው ውስጥ 10 ዶላሩ ለዶሜኑ ደንብ እንዲያወጣ ለተቋቋመው ኢፎር ለተባለ ድርጅት ይሰጥ ነበር፤ አምራቾቹም ነገ በእኛ ላይ ደንብ የሚያወጣብንን አካል የምንቀልበው እኛው ነን ማለት ነው ብለው ጠየቁ።

የአይሲኤም ክርክርም ባዶ አልነበረም። ወላጅ ወይም ትምህርት ቤት በቀላሉ የሚለየው ምልክት ይኖራል፤ ሕፃናትን የሚበድል ይዘት ፈጽሞ የተከለከለበትና ገጾቹ ለኮምፒውተር ቫይረስ የሚፈተሹበት የታወቀ ቦታ ይኖራል ይል ነበር። ችግሩ፣ የድሮዎቹ ገጾች ዶት ኮምን ለቀው ስለማይወጡ፣ አዲሱ ዶሜን ያለውን ይዘት አያንቀሳቅስም፤ ተጨማሪ በር ብቻ ይከፍታል። ልጁን ሊጠብቅ የፈለገ አባት ዶት ኤክስኤክስኤክስን በመዝጋት ብቻ የሚያገኘው ጥበቃ እጅግ ጥቂት ነው።

በሌላ ወገን የሃይማኖት ማኅበራትና የቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎችም ተቃወሙ። የእነርሱ ምክንያት ግን ፍጹም ተቃራኒ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ነገር በስሙ የተከበረ አድራሻ መስጠት ሕጋዊ ወግ ማልበስ ነው አሉ። በዚህ ዓይነት አምራቾቹና እነርሱን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰዎች በአንድ ጉዳይ በአንድ ወገን ተሰለፉ። በነሐሴ 2005 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ወደ 6,000 የሚጠጋ ደብዳቤና ኢሜይል እንደደረሰው ጠቅሶ ውሳኔው እንዲዘገይ ለአይካን ጻፈ፤ መንግሥታት ለአይካን ምክር የሚሰጡበት የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ ሰብሳቢም ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረበ። አይካን በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በውል የታሰረ ስለነበር የደብዳቤው ክብደት ለማንም ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ድምፅ ሁሉ እኩል ድምፅ እንዳልሆነ እናያለን፤ የዘርፉ ሰዎች አስተያየት ለዓመታት ሲጠራቀም ያላደረገውን አንድ የመንግሥት ደብዳቤ በቀናት ውስጥ አደረገ።

ቦርዱ በግንቦት 2006 ውሉን 9 ለ5 በሆነ ድምፅ ጣለው። የተሻሻለ ረቂቅ ቀርቦ በመጋቢት 2007 በሊዝበን ስብሰባ እንደገና 9 ለ5 ውድቅ ሆነ፤ በሁለተኛው ጊዜ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ አመልካቹ የማኅበረሰቡን ድጋፍ አላሳየም የሚል ነበር። ውሉ ውድቅ መደረጉን ከተቃወሙት የቦርድ አባላት መካከል የሕግ ምሁሯ ሱዛን ክሮፎርድ የተናገሩት ቁም ነገር አለ። የትኛውም አመልካች ሁሉም በአንድ ልብ እልል ብሎ የሚቀበለው ድጋፍ ሊያመጣ አይችልም፤ ተቃውሞ ምን ያህል ሲሆን በዛ እንደሚባልም የተቀመጠ መለኪያ የለም የሚል ነው። በዚህ እስማማለሁ። አይካን ድጋፍ አምጡ ሲል ማንን እንደሚጠይቅ፣ በምን እንደሚቆጥር፣ ስንት ሲሞላ በቂ እንደሚሆን አስቀድሞ አልጻፈም ነበር። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቆጣሪው ማሳለፍ ሲፈልግ ድጋፉ ይበቃል፤ መጣል ሲፈልግ ደግሞ ይጎድላል።

አይሲኤም በዚህ አልተቀመጠም። በአይካን መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የቦርድ ውሳኔ በገለልተኛ ዳኞች እንዲመረመር የሚፈቅድ አንቀጽ ስላለ በ2008 አቤቱታ አቀረበ። ጉዳዩን ያዩት ሦስት ዳኞች ሲሆኑ ሰብሳቢያቸው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የቀድሞ ፕሬዚዳንት ስቲቨን ሽዌብል ነበሩ። በየካቲት 19 ቀን 2010 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለአይሲኤም ወሰኑ።

ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ ሲሰማ ዳኞቹ ዘርፉ ደግፏል ብለው ያረጋገጡ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ዳኞቹ ያሉት ቦርዱ በሰኔ 2005 ድርድር እንዲጀመር ሲወስን አመልካቹ የማኅበረሰብ መመዘኛውን እንዳሟላ ተቀብሏል፤ አንዴ የተቀበለውን ኋላ እንደገና ከፍቶ አላሟላም ማለቱ ገለልተኛና ወጥ የሆነ አሠራር አይደለም የሚል ነው። ውሳኔው ስለ ሥነ ሥርዓት ነው። የወሲብ ይዘት አምራቾች ይህን ዶሜን ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም የሚለው ጥያቄ በዚያ ችሎት መልስ አላገኘም፤ በእኔ ግምት በሌላ በየትኛውም ቦታ አግኝቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ በችኮላ ታልፎ፣ ኋላ መመለስ የማይቻልበት ሆነ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የባለድርሻ አካላት ድምፅ በመጀመሪያው ቀን በትክክል ካልተጠየቀ ዘግይቶ ሲመጣ እውነት ቢሆን እንኳ ሕጉ በር ይዘጋበታል።

የዳኞቹ አስተያየት ቦርዱን የማስገደድ ኃይል ባይኖረውም አይካን ችላ ሊለው አልቻለም። በመጋቢት 2011 የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴው ከአባላቱ መካከል ዶሜኑን በንቃት የሚደግፍ እንደሌለ፣ አጥብቀው የሚቃወሙ ግን እንዳሉ በጽሑፍ ገለጸ። ቦርዱ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በመጋቢት 18፣ በ9 ድጋፍ፣ በ3 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው። ዶሜኑ በሚያዝያ ወር በሥር መዝገቡ ገባ። ሽያጩ ለሁሉ ከመከፈቱ በፊት የንግድ ምልክት ባለቤቶች ስማቸውን እንዲያስጠብቁ የተሰጠው ጊዜ በመስከረም 2011 ተጀምሮ በጥቅምት ሲያበቃ ወደ 80,000 የሚጠጋ ማመልከቻ ቀረበ። ከአመልካቾቹ መካከል ከወሲብ ይዘት ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ፤ ስማቸው በዚያ ሰፈር እንዳይታይ ሲሉ ገንዘብ ከፍለው አሳገዱት። ማንም ባለድርሻ ናችሁ ብሎ ያልጠየቃቸው ሰዎች ሂሳቡ ሲመጣ ባለድርሻ ሆነው ተገኙ።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ዶት አፍሪካ። በ2012 አይካን በሩን በሰፊው ከፍቶ 1,930 ማመልከቻ ሲቀበል የአህጉር ስም የሚጠይቅ አመልካች ቢያንስ ከ60 በመቶ የአህጉሩ መንግሥታት የድጋፍ ማስረጃ እንዲያመጣ ደነገገ። ከዶት ኤክስኤክስኤክስ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ የሚጠየቀው ማን እንደሆነና ስንት ሲሞላ እንደሚበቃ አስቀድሞ ተጽፏልና። እንዲያም ሆኖ ውዝግቡ አልቀረም። ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሠረቱት ዶትኮኔክትአፍሪካ እና የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የደገፈው የደቡብ አፍሪካው መዝጋቢ ድርጅት ተፎካከሩ። ዶትኮኔክትአፍሪካ ማመልከቻው እንዳይቀጥል መደረጉን ተቃውሞ ወደ ገለልተኛ ዳኞች ሲሄድ፣ ዳኞቹ በሐምሌ 2015 የአይካን ቦርድ የራሱን ደንብ አላከበረም አሉ። ይሁንና ዶሜኑ በመጨረሻ በ2017 በደቡብ አፍሪካው ድርጅት አማካይነት ሥራ ጀመረ።

ዶት ኮፊን በተመለከተ ለሃጂ ሙሉውን መልስ ይዤ ሁለተኛ ሄድኩ። በ2012 ዙር ዶት ኮፊ እንደ ተራ ስም የተጠየቀ እንጂ በማኅበረሰብ ስም የተጠየቀ ስላልነበረ፣ አመልካቹ ዶናትስ የተባለው ኩባንያ ከቡና ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ ግዴታ አልነበረበትም። የነበረው ዕድል በተቃራኒው ነው። ከቡና ጋር የጸና ግንኙነት ያለው የታወቀ ተቋም፣ ይህ ስም ማኅበረሰባችንን ይጎዳል የሚል አቤቱታ ከፍሎ ማቅረብ ይችል ነበር። የማቅረቢያው ጊዜ በመጋቢት 2013 ተዘጋ። የማስረዳት ሸክሙም የከበደ ነው፤ ተቃውሞው ብርቱ መሆኑን፣ ስሙ ከማኅበረሰቡ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን፣ ተጨባጭ ጉዳት እንደሚደርስም ማሳየት ያስፈልጋል። ሃጂ ይህን ሲሰሙ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያም ከጆንያው ጥቂት ጀንፈል ዘግነው በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ «ጊዜው ሲከፈት ለእኛ የነገረን የለም፤ የተዘጋ መሆኑን ግን ይኸው ዛሬ አወቅን» አሉ።

ለምን አልተነገራቸውም ብዬ ሳስብ አንዱን ወገን ብቻ መውቀስ አልቻልኩም። ማስታወቂያው በይፋ ወጥቶ ነበር፤ የወጣው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውም የሕግና የቴክኒክ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ውሎ የሚያድረውን እኔን እንኳ አድክሞኛል። የወሲብ ይዘት አምራቾቹ ጠበቃ ቀጥረው፣ በየስብሰባው ተገኝተው እንኳ ድምፃቸው ሳይቆጠር ካለፈ፣ ከሊሙ ወይም ከጎማ ቡናውን ጭኖ የሚመጣ አርሶ አደር በዚያ መድረክ እንዲሰማ ከተፈለገ አስቀድሞ ተደራጅቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል።

አይካን ቀጣዩን ዙር ለ2026 ይዞታል፤ የአንድ ማመልከቻ ክፍያም 227,000 ዶላር ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከፍሎ ስም ጠያቂ የሚሆን ከእኛ መካከል ብዙ አይኖርም፤ የተጠየቁት ስሞች ዝርዝር ሲወጣ አንብቦ በጊዜው መቃወም ግን ለዩኒየኖችና ለነጋዴ ማኅበራት የሚቻል ነገር ነው። ሃጂ ዝርዝሩ በወጣ ቀን አትሜ እንዳመጣላቸው ነግረውኛል። የቡና፣ የማርና የቅመማ ቅመም ስም ካለበት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተርጉመን በማኅበራቸው ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ከዕለቱ የቡና ዋጋ አጠገብ እንለጥፈዋለን።